ድሬዳዋን ከሰማይ የጠበቃት ማን ነው? ስለ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶቻችን የሚነገሩ ስህተቶች

በየዓመቱ የካቲት 26 ሲደርስ፣ በ1969-70 ዓ.ም. የወረረንን የሶማሊያ ጦር ያሸነፍንበት የካራማራ ድል ሲነሳ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ከተቀመጡት አዛውንት ጀምሮ ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ እስከሚቀርጸው ወጣት ድረስ አንድ ዓይነት ነገር እሰማለሁ፦ «ኩባዎች ባይደርሱ ድሬዳዋ አብቅቶላት ነበር።» እዚሁ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይ እያረምኩ መኖር ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ላሳልፍ።

«ጄቶቹ የሐረር ነበሩ፤ ሐረር ሜዳ ይባል የለ?» ሐረር ሜዳ ያለው ቢሾፍቱ ነው። የአየር ኃይሉ ዋና ጦር ሰፈር እሱ ነው።

«አየር ኃይሉን ያቋቋሙት ራሺያኖች ናቸው።» አይደሉም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ያደራጁት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን እና የሀገራቸው ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጄቶቹም የአብራሪዎቹ ከፍተኛ ሥልጠናም ከአሜሪካ መጡ፤ መጀመሪያ ኤፍ-86፣ ቀጥሎ ኤፍ-5። ፎን ሮዘን ራሳቸው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በተከፈተ ጥቃት ተገደሉ። ያደራጁት አየር ኃይል ትልቁን ፈተናውን ሊጀምር የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

«የተዋጋነው ከሶማሌ ጋር ነው።» የተዋጋነው ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ጋር ነው። እዚህ መጋላ ሰፈር ውስጥ በር ለበር የምንኖር ሰዎች ይህን ልዩነት ማስታወስ ግዴታችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እስቲ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ የገባው በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ነው። በታንክና በመድፍ ድሬዳዋን ያጠቃው ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ወቅት አውሮፕላን ማረፊያውን ሳይቀር ይዞት ነበር። ውጊያው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ወራሪው ተመልሶ ወጣ። ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን ከሞቃዲሾ ያባረረውና ከኩባ ጋር ግንኙነቱን የቆረጠው መቼ ነው? ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም.። ልብ በሉ፤ ድሬዳዋ ስትጠቃ የሶቪየት መኮንኖች ገና ሞቃዲሾ ተቀምጠው ነበር። ሶቪየቶች የጦር መሣሪያ በአየር እያጓጓዙ ወደ እኛ ማጉረፍ የጀመሩት በኅዳር ነው። ጥቂት የኩባ አማካሪዎች ቀደም ብለው ቢገቡም፣ ተዋጊው ጦር በብዛት የደረሰው ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። በነሐሴ የተደረገን ውጊያ በታኅሣሥ የደረሰ ጦር እንዴት አድርጎ ያሸንፋል?

ጎረቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። የጅቡቲው ሐዲድ ጦርነቱ ገና ሳይጋጋል ተቆርጦ ስለነበር በዚያ ነሐሴ ቤት ተቀምጠው ነበር። የመድፉን ድምፅ ያስታውሳሉ፣ የጄቶቹንም። ልጆች ሲጠይቋቸው ይቆጣሉ፦ «አቦ! ያኔ የት የነበረ ኩባ? ኩባን በዓይኔ ያየሁት ገና ካለፈ በኋላ ነው!»

በምድር ከተማዋን የያዙት 2ኛው ሚሊሻ ክፍለ ጦርና ሌሎች ከየቦታው የተሰባሰቡ የኢትዮጵያ ወታደሮች ናቸው። ሰማዩን የያዘው ደግሞ የኤፍ-5 ስኳድሮን፣ ማለትም የጄቶቹ ክፍል ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሳምንታት አብራሪዎቹ እነ ለገሠ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴና አሸናፊ ገብረ ጻድቅ በቁጥር ከሚበልጣቸው የሶማሊያ አየር ኃይል ጋር ተጋጥመው ሶቪየት ሠራሽ ጄቶቹን፣ ሚጎቹን፣ ከኦጋዴን ሰማይ አስወገዱ። ለምድር ጦራችን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሶማሊያ ታንክ ከላይ ሽፋን አልነበረውም።

የኩባዎችን ደም ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። በ1970 ዓ.ም. ጥርና የካቲት በተደረገው መልሶ ማጥቃት፣ የካራማራን ተራራ በሰሜን ዞሮ ጅጅጋን በማስለቀቅ፣ የእነሱ ድርሻ ግዙፍ ነው። አብራሪዎቻቸውም በዚያ ዘመቻ በሚግ በርረዋል። ግን የየካቲቱን ድል ወደ ነሐሴ ስንጎትተው በነሐሴ የሞቱትን የራሳችንን ልጆች እንሰርዛለን። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

«ሚግ-21 ከኤፍ-5 ይፈጥናል፣ ስለዚህ ያሸነፍነው በዕድል ነው።» መፍጠኑ እውነት ነው። ሚግ-21 በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፣ ኤፍ-5ኢ ወደ 1,700 ገደማ። ነገር ግን ሁለት ጄቶች ሲተናነቁ ማንም በዚያ ፍጥነት አይዋጋም፤ በዚያ ፍጥነት መታጠፍ አይቻልማ። ፍልሚያው ቀዝቀዝ ባለ ፍጥነት የሚደረግ መጠማዘዝ ነው፤ በመጠማዘዝ ደግሞ ትንሹና ቀላሉ ኤፍ-5ኢ ይበልጣል። የሚግ አብራሪ ወደ ኋላው በደንብ አያይም፤ ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሲሰጠው ነዳጁ ወዲያው ያልቃል። በዚህ ላይ ጅጅጋ እስክትወድቅ ድረስ ካራማራ ላይ የነበረው ራዳር ጠላት ከየት እንደሚመጣ ለአብራሪዎቻችን አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ሥልጠናው ነው፤ ዓመታት የፈጀ ሥልጠና። ይህን «ዕድል» ማለት ነውር ነው።

«ለገሠ ተፈራ በሚግ ተመተው ሞቱ።» ሁለቱም ስህተት። አውሮፕላናቸው የተመታው ከምድር በተተኮሰ መሣሪያ ነው፤ በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ፤ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረው በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ምርኮኛ ሲለዋወጡ ተመለሱ። ከሌላው አብራሪ ከኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ጋርም አታምታቷቸው፤ በዛብህ ሁለቴ የተማረኩት ኤርትራ ውስጥ ነው።

«ስኳድሮኑ የፈረሰው ተሸንፎ ነው።» በሰማይ ያሸነፈው የለም። አሜሪካ መሣሪያ መሸጥ ስታቆም መለዋወጫ ደረቀ፤ የታዘዙ ቀሪ ጄቶችም ሳይመጡ ቀሩ። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ቦታውን እነሚግ-21 እና ሚግ-23 እየያዙት ሄዱ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊቱ በሙሉ ሲበተን አብራሪውም ቴክኒሻኑም አብሮ ተበተነ፤ ብዙዎቹ ታሰሩ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ በ1990 ዓ.ም. ከቀድሞው አየር ኃይል ሰዎች የተወሰኑት ተመልሰው ተጠሩ።

ቪዲዮ ለምትሠሩ ልጆች፦ እባካችሁ ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ፤ 1969 እና 1977 አንድ ክረምት መሆኑን የማያውቅ ተመልካች ብዙ ነው። ስለ ለገሠ እያወራችሁ የሚግ-21 ፎቶ አትለጥፉ። መለየቱ ቀላል ነው። ሚግ-21 አፍንጫው ክብ ቀዳዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ሾጣጣ ነገር አለ፤ ከኋላ አንድ የሞተር ጭስ ማውጫ ብቻ አለው። ኤፍ-5 አፍንጫው ሹል ነው፤ አየር የሚያስገባው በሁለቱ ጎኖቹ ነው፤ ከኋላ ሁለት ማውጫ አለው፤ ሚሳኤሎቹም የክንፉ ጫፍ ላይ ናቸው። ሰፈራችሁ ውስጥ በዚያን ጊዜ ጥይት የጫነ፣ ነዳጅ የቀዳ፣ ሞተር የፈታ የአየር ኃይል ጡረተኛ ካለ ደግሞ ካሜራውን ወደ እሱ አዙሩት፤ መጀመሪያ የምትጠይቁት ቀኑን ይሁን።