ስለ ሲክሊድ ዓሦች መጠንና አመጋገብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሲክሊድ ሲባል የሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ የምትበሉት ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው። በመስታወት ገንዳ የምናሳድጋቸው ባለቀለሞቹ ደግሞ የሱ ዘመዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዘራቸው ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች ነው። ስለ መጠናቸው ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች ዓሦቹን ስለሚጎዱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ሐይቅ ውስጥ ያለው ምንጊዜም ይበልጣል"

ምቡናዎች ላይ ነገሩ ግልባጩ ነው። ምቡና የሚባሉት የማላዊ ሐይቅን ድንጋያማ ዳርቻ ይዘው የሚኖሩት ናቸው። እዚያ ብዙዎቹ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማሉ። ቤት ውስጥ ግን ያው ዝርያ 12 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ምግቡ ነው። ሐይቁ ውስጥ ምቡና አፉን ድንጋይ ላይ ለጥፎ፣ በደቃቃ ጥርሶቹ አልጌ ሲፍቅ ይውላል። የሚያገኘው ጥቂት ነው። ያችኑም ጎረቤቱን ሲያባርር ይጨርሳታል። ሴቷማ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል ሳትበላ ትቆያለች። ገንዳ ውስጥ ግን ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ያለ ምንም ድካም ከላይ ይወርድለታል።

ሁሉም ሲክሊድ ግን እንዲህ አይደለም። የታንጋኒካው ቡሌንጀሮክሮሚስ በሐይቁ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የቤት ገንዳ እዚያ አያደርሰውም።

"ከገዘፈ ጤነኛ ነው"

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ዓሣችሁን ከጎን ብቻ አትዩት፤ ከላይ ሆናችሁ እዩት። ደህናው ምቡና ቀጠን ብሎ ወደ ጭራው ይሾላል። ከልክ በላይ የበላው ሆዱ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ይላል። ያ እድገት ሳይሆን ሆድ ዕቃው ላይ የተጠራቀመ ስብ ነው። የአልጌ በሊታ አንጀት ረጅም ነው፤ የተሠራው ለቅጠላ ቅጠል ነው። የበሬ ልብ የመሰለ ከባድ ምግብ ሲለመድበት ሆዱ የመነፋት፣ ምግብ የማቆም ችግር ሊመጣ ይችላል። ብዙ ዓሣ የሚሞተው በዚህ ነው። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ምግብ፣ ፈላ ውሃ ነካ ያደረገው ስፒናች ወይም ዝኩኒ ይበቃዋል።

"መስታወቱ ጋ መጥቶ ከለመነ ርቦታል"

አይደለም። እናንተን ሲያይ ምግብ እንደሚመጣ ለምዶ ነው። በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ስጡት። የደረሰ ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም።

"ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው"

ዓሣ ገንዳ ለክቶ እድገቱን አያቆምም። ጠባብ ገንዳ ውስጥ የሚያቀጭጨው የቆሸሸው ውሃ ነው። የተረፈ ምግብና ኩስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ስለዚህ "ይደግልኝ" ብሎ ምግብ መጨመር ውሃው ካልተቀየረ ጭራሽ ያቀጭጨዋል። የቆሮሶ ኩሬ ያላቸው ሰዎች ሌላ ዓይነት መቀጨጭም ያውቃሉ። ኩሬው ሲጨናነቅ ዓሣው ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል፤ ኩሬው በደቃቃ ዓሣ ይሞላል።

"ምግብ የሚለውጠው መጠንን ብቻ ነው"

ቅርጽንም ይለውጣል። በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የሚገኝ አስታቶሪኦክሮሚስ አሉዋዲ የሚባል ሲክሊድ አለ። ቀንድ አውጣ እየሰበረ ሲያድግ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሁለተኛ መንጋጋ ይወፍራል፣ ጥርሶቹም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ደልዳላ ይሆናሉ። ያው ዝርያ ገንዳ ውስጥ ለስላሳ ምግብ እየተሰጠው ካደገ መንጋጋው ቀጭን ሆኖ ይቀራል።