የጋዜጣ አስተያየት ጽሑፎችን ስለመተንተን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ አካባቢ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አማርኛ አስተምራለሁ። የጋዜጣ አስተያየት ጽሑፎችን የማሳመኛ ስልት በምንመረምርበት ጊዜ ከተማሪዎቼም ከወላጆችም ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች አሉ።

«የማሳመኛ ስልት ማታለያ ነው» የሚለው አንዱ ነው። እውነታው ግን ስለ ውሃ እጥረት የሚጽፍ ሰው ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣን እናት በማስቀደሙ አታላይ አይሆንም። መመርመር ያለበት፣ የቀሰቀሰው ስሜት ካቀረበው ማስረጃ ጋር መመጣጠኑ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «የስልቱን ስም መጥራት ትንተና ነው» የሚለው አመለካከት ነው። ተማሪው «ጸሐፊው መልስ የማይሻ ጥያቄ ተጠቅሟል» ብሎ ይጽፍና ያቆማል፤ ትንተናው ግን ገና አልተጀመረም። የአካባቢያችንን የመሬት ጉዳይ እንውሰድ። በአንዱ ጽሑፍ «የልማት ተነሺ» የተባለው አርሶ አደር በሌላው «ተፈናቃይ» ይባላል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራው ቤትም አንድ ቦታ «ሕገወጥ ግንባታ»፣ ሌላ ቦታ «የጨረቃ ቤት»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «የድሃ መጠለያ» ይሆናል። ሰውየውም ቤቱም ያው ናቸው። «ተነሺ» የሚለው ቃል አስነሺውን ከዓይናችን ይሰውራል፣ «የልማት» የሚለውም ምክንያቱን አስቀድሞ ያጸድቃል፤ «ተፈናቃይ» ደግሞ በደል መፈጸሙን ክርክሩ ሳይጀመር ያስወስናል። ስለዚህ ተንታኙ ቃሉን ከለየ በኋላ፣ ጸሐፊው በዚያ ቃል ተከልሎ ሳያስረዳ ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ማን እንደሚያውቀው ሳይገለጽ «እንደሚታወቀው» ተብሎ የሚጀመር ዓረፍተ ነገርም በዚሁ ጥያቄ ሊፈተን ይገባዋል።

«ቁጥር አይዋሽም» የሚሉም አሉ። ከ10 ብር ወደ 15 ብር ያደገን የታክሲ ታሪፍ ግን አንዱ «5 ብር ብቻ ጨመረ»፣ ሌላው «በ50 በመቶ ናረ» ቢል ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አሳማኙ ሥራ የተሠራው በአመራረጡ ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገርም እንደ ማስረጃ ሲቆጠር አያለሁ። እኔ ራሴ የአባቶችን ብሂል አብዝቼ እወዳለሁ፤ ሆኖም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ሕዝብ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም ነውና፣ ብሂል ሐሳብን ያደምቃል እንጂ አያረጋግጥም።

«ጋዜጣው እንዲህ አለ» ማለትም ጥንቃቄ ይሻል። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ሲሆን፣ በሪፖርተር ጋዜጣ «ልናገር» ዓምድ የሚወጣው ጽሑፍ ግን የጸሐፊው ብቻ ነው።

የመጨረሻው «የምስማማበትን ጽሑፍ መተንተን አያስፈልገኝም» የሚለው ነው። ስልት ይበልጥ የሚሠራው በተስማማንበት ጽሑፍ ላይ ነው፤ እዚያ አንጠራጠርምና። በክፍሌ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ልጆችና መሬታቸውን የለቀቁ አርሶ አደሮች ልጆች በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ስለ መሬት የተጻፈ አስተያየት ስንመረምር እያንዳንዱ ተማሪ የሚጀምረው የራሱን ወገን ከሚደግፈው ጽሑፍ ነው።