የተመሰቃቀለ የአማርኛ ጽሑፍ አፈታት

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ጸሐፊው የተጠቀመበት የቁጥር ሠንጠረዥና አንባቢው የከፈተበት ሠንጠረዥ ሲለያዩ፣ ወይም ኪቦርዱ በሌላ ቋንቋ ላይ ሳለ ሲጻፍ፣ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። ለውጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕግ የተከተለ በመሆኑ ጽሑፉ እንደጠፋ ሊቆጠር አይገባም፤ የሚፈታውም የጥንት የምስጢር ጽሑፎች በሚፈቱበት መንገድ ነው።

ከጥንቶቹ ስልቶች ቀላሉ አንዱን ፊደል በሌላ መተካት ነው። ዩልዮስ ቄሳር በምስጢር ደብዳቤዎቹ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ ከእርሱ ሦስት ቦታ ርቆ የሚገኘውን ይጽፍ ነበር። በትንቢተ ኤርምያስ 25፥26 የተጠቀሰው «ሼሻክ» ደግሞ የዕብራይስጡ የመጀመሪያ ፊደል በመጨረሻው፣ ሁለተኛውም ከመጨረሻው በፊት ባለው እየተተካ ሲነበብ የባቢሎን ስም ሆኖ ይገኛል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው አልኪንዲ፣ በምስጢሩ ውስጥ አብልጦ የሚደጋገመውን ምልክት በቋንቋው አብልጦ ከሚደጋገመው ፊደል ጋር በማስተያየት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መፍታት እንደሚቻል ጽፏል።

ይህ ዘዴ ለአማርኛ ብዙ ይጠቅማል። የዓለምን ፊደላት በአንድ የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ የሚያሰባስበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል እስኪያካትት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተቀመጡ ፎንቶች ነበር። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው ብቻ 231 ስለሚሆኑ፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ አንድ ፎንት ከነበሩት 256 ቦታዎች ያልፋሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሠሪዎች ፊደላቱን ለሁለት ፎንት ከፈሏቸው፤ ሌሎች የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በጽሕፈት ጊዜ አገጣጠሟቸው። ሁሉም በየራሱ አደላደል ስለሠራ የፎንቱን ስም ማወቅ የምስጢሩን ቁልፍ ማግኘት ነው። ስሙ ካልታወቀ ጥሩው መነሻ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚመላለሰው አራት ነጥብ ነው (ብዙዎች ሁለት ነጥብን ደግመው ስለሚጽፉ ጥንድ ምልክት ሆኖም ይታያል)። ከእርሱ አስቀድሞ ደጋግሞ የሚመጣው አጭር ቃል ብዙውን ጊዜ «ነው» ይሆናል፤ ከዚያ በቃላት መጀመሪያ የሚበዙት «የ»፣ «በ» እና «ለ»፣ በመጨረሻ የሚበዙት «ን» እና «ም» ይለያሉ።

በዩኒኮድ የተጻፈም ቢሆን ከመመሰቃቀል አይድንም። የዩኒኮድን ቁጥሮች በፋይል ውስጥ በሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት በዋናዎቹ ፊደላት ሁሉ 225 ነው። ጽሑፉ በምዕራብ አውሮፓው የዊንዶውስ ሠንጠረዥ ሲከፈት ይህ ቁጥር አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሽ የላቲን ኤ ይሆናል። «ቤት» የሚለው ቃል ስድስት ምልክት ሆኖ ሲወጣ፣ አንደኛውና አራተኛው ይህችው ኤ፣ ሁለተኛውና አምስተኛው የሺኛ ምልክት (‰) ናቸው። ምልክቶቹን ወደ ባይት መልሶ በዩቲኤፍ-8 ማንበብ ጽሑፉን ያድነዋል። የ«ም» ሦስተኛ ባይት፣ 157፣ በዚያ ሠንጠረዥ ምልክት ስላልተሰጠው አንዳንድ ፕሮግራሞች ይጥሉታል፤ የጎደለውን «ም» ግን የቋንቋው ተናጋሪ ከአገባቡ ይሞላዋል።

የኪቦርድ ስህተት ከሁሉም ይቀላል። በድምፅ በሚጻፍ የአማርኛ ኪቦርድ የእንግሊዝኛ ምስጋና ሲተየብ «ትሃንክ ዮኡ» ዓይነት ነገር ይወጣል፤ የተነኩትን ቁልፎች በቅደም ተከተል መከተል ብቻውን ይፈታዋል።

ባዶ ሳጥኖች ሲታዩ የጎደለው ፎንት ብቻ ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። ፊደላቱ ሁሉ በእርግጥ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጡ ግን የተለያዩት ቁጥሮች አንድ ቁጥር ሆነዋልና የሚመለስ ነገር አይኖርም። በዚህ ምክንያት የተመሰቃቀለ ፋይል ሲገኝ፣ በሌላ ሠንጠረዥ ዳግም ከመቀመጡ በፊት የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ መያዝ አለበት።