ነህምያ በሌሊት ምን ሊያይ ወጣ?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የአምልኮ ቤት የሚሠራበትን ቦታ በማኅበር ሄዶ መጎብኘት እየበዛ ነው። ይዘመራል፣ በአራቱም ማዕዘን ዘይት ይፈስሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የስጦታ ቃል ኪዳን ወረቀት ይሞላል። ሁሉም መልካም ነው። መሬቱን ግን ያየው የለም።

እስቲ ነህምያ ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 11 እስከ 16 አንብቡት። ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት ወጣ፤ በሸለቆው በር፣ በጉድፍ መጣያው በር፣ በምንጩ በር እያለ የፈረሰውን ቅጥር መረመረ። የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ ያጣበትን ስፍራ እንኳ ሳይጽፍ አላለፈም። ይህ ሰው ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር አራት ወር ያህል፣ በእንባና በጾም የጸለየ ነው። ጸሎቱ ከማየት አላስቀረውም። ለካህናቱም ለሹማምቱም የተናገረው ካየ በኋላ ነው። እኛ ጋ ንግግሩ ይቀድማል፤ ወገኖቼ፣ ይህ ያሳዝናል።

ከጉብኝቱ ቀን በፊት የሕንፃ ኮሚቴው የይዞታ ሰነዱን ይዞ ይለካ። አራቱን ጎን መለካት አይበቃም፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ፤ ጎኖቹ ልክ ሆነው ቅርጹ ተዛብቶ ስፋቱ ሊያንስ ይችላልና። የድንበር ምልክቱ ከጠፋ ጎረቤት ባለበት በቀያሽ ይመለስ። ዘዳግም 19፥14 ለቤተ ክርስቲያንም የተጻፈ ነው። መግቢያው መንገድም በሰነድ ይስፈር። «ጎረቤቱ ደግ ነው፣ ያሳልፈናል» የሚባለው ጎረቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ብቻ ነው።

ትልቁ ጉዳይ አፈሩ ነው። በሉቃስ 6፥48 ጌታ የሚያመሰግነው ሰው አጥልቆ የቆፈረውን ነው። ሕንፃው በሚያርፍበት ስፍራ ቢያንስ በሦስት ቦታ እስከ ሁለት ሜትር አስቆፍሩ፤ ግድግዳው ሳይደገፍ ግን ማንም እንዳይገባ፣ ይናዳል። ላስቲክና የጡብ ስባሪ ከወጣ ቦታው የተደለደለ ነው፤ መሠረቱ ከድልድሉ በታች ነባሩን መሬት እስኪያገኝ መውረድ አለበት፣ ወጪውም ያሻቅባል። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን እያነሣ ሲጥለው ግድግዳው በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ይተረተራል። ከጉድጓዱ ጥልቅ ወስዳችሁ የጠርሙስ ሲሶ አፈር አድርጉ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በጥብጣችሁ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ ውሃው በማግስቱም ካልጠራ ሸክላው ብዙ ነው ማለት ነው። ይህ የአፈር ምርመራን አይተካም፤ ባለሙያ ሳትጠሩ እንዳትቀጥሉ ግን ያስጠነቅቃል።

ቦታውን በደረቅ ቀን ብቻ አትዩት፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሂዱና ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደሚተኛ ተመልከቱ። በአምልኮ ሰዓትም ሂዱ፤ ጫጫታው ያን ጊዜ ይሰማል።

«መሬቱ ሰፊ ነው» ከማለታችሁም በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ለ300 ሰው አዳራሹ ብቻ ከመተላለፊያው ጋር 300 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። 40 መኪና ከመዞሪያው ጋር ወደ 1,000 ካሬ ይወስዳል። የልጆች ክፍልና መጸዳጃ ገና አልተቆጠሩም። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይሻል፤ ስለዚህ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከአሁኑ ይታሰብበት። በማርቆስ 2 ሽባውን የተሸከሙት ሰዎች ጣሪያ የነደሉት በበሩ ማለፊያ ስላጡ ነው፤ የእኛ ሽባዎች ግን ደጅ ቀርተው ይመለሳሉ።

መሬት በስጦታ ሲሰጥም አትቸኩሉ። የወራሾች ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ ሲቀርብለት ሙሉ ዋጋ ካልከፈልሁ አለ (1 ዜና 21፥24)።

ዓመታት ጠብቃችሁ ቦታ ያላገኛችሁ፣ በኪራይ አዳራሽ የምታመልኩ ደግሞ አትፍሩ፣ አታፍሩም። ጳውሎስ ሁለት ዓመት ሙሉ የእግዚአብሔርን መንግሥት የሰበከው በተከራየው ቤት ነው፤ የሐዋርያት ሥራም የሚያበቃው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ከሽማግሌዎች አንዱ ጉድጓዱን አይቶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ «ይህ ቦታ አይሆነንም» ቢል፣ እባካችሁ እምነት የጎደለው አትበሉት። ቀብዱ ሳይከፈል ስለተናገረ አመስግኑት፤ ያለውንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።