ውዳሴ ከንቱ ምንድን ነው?

«ውዳሴ» በግእዝ ምስጋና ማለት ሲሆን ቃሉ ለብቻው ምንም ነውር የለበትም፤ ዕለት ዕለት ውዳሴ ማርያም የሚደግም ክርስቲያን ይህን ያውቃል። «ከንቱ» ደግሞ ባዶ፣ ፍሬ የማይገኝበት፣ ደክመውበት በእጅ ላይ የማይቀር ነገር ነው። ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ አንድን የተለየ የልብ ሕመም ይሰይማሉ፦ ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ በጀመረው መልካም ሥራ፣ በጾሙ፣ በጸሎቱ፣ በምጽዋቱ፣ በአገልግሎቱ፣ በሰው ዓይን ለመታየትና በሰው አፍ ለመመስገን መሻቱን። የሚያመሰግኑት ሰዎች ምንም አልበደሉም፤ መልካም ነገር አይቶ ማመስገን ደግ ልማድ ነው። ሕመሙ ያለው ምስጋናው ሳይመጣ አስቀድሞ ደጅ ወጥቶ በሚጠብቀው ልብ ውስጥ ነው።

በዕለት ንግግራችን ውዳሴ ከንቱን ከትዕቢት ጋር አንድ አድርገን መጥራት ለምደናል፤ ዝምድናቸውም የቅርብ ነው። ትዕቢት «ዐብየ»፣ ማለትም ታላቅ ሆነ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ትዕቢተኛ ራሱን ታላቅ አድርጎ ስለ ጨረሰ ማንም ቢያየው ባያየው ግድ የለውም። ውዳሴ ከንቱ የያዘው ሰው ግን ያለ ተመልካች መኖር አይሆንለትም፤ ታላቅነቱን ሌላው ሰው እንዲነግረው ስለሚፈልግ የሌላው ሰው አፍ ጥገኛ ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በደብረ ሲና ገዳም የኖረው ዮሐንስ ዘሰዋስው የሁለቱን ልዩነት በስንዴና በኅብስት፣ በሕፃንና በጎልማሳ መስሎታል፤ ውዳሴ ከንቱ መጀመሪያው፣ ትዕቢት መጨረሻው ነው ማለቱ ነው።

ከይሉኝታም መለየት ይገባዋል። ይሉኝታ «እንዲህ ይሉኛል» ብሎ መፍራት ሲሆን፣ ሲበዛ ሰውን ቢያስርም፣ ብዙ ጊዜ ከክፉ ሥራ የሚመልስ አጥር ሆኖ ያገለግላል፤ በወሎ ያደገ ሰው አጥሩ ምን ያህል ጥብቅ እንደ ሆነ አይጠፋውም። ውዳሴ ከንቱ ግን «እንዲህ ይበሉኝ» ብሎ መመኘት ነው። የመጀመሪያው ሰውን ክፉ ከመሥራት ያግደዋል፤ ሁለተኛው ራሱ መልካም ያሠራዋል፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ማሠራቱ ነው። ሌባ መስረቁን ያውቃል፣ ሰካራምም ጧት ሲነሣ ራሱን ይይዛል፤ ለታይታ የሚጾም ሰው ግን ጾሟልና የሚጸጸትበት ነገር ያለ አይመስለውም።

በወንጌል ውስጥ ነገሩ በስፋት የተነገረው በማቴዎስ 6ኛ ምዕራፍ ነው። ጌታ ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን ተራ በተራ ያነሣና በሦስቱም ላይ ለሰው ለመታየት ስለሚያደርጉት ሰዎች አንድ ዓይነት ፍርድ ይናገራል፦ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል።» በግሪኩ የገባው ቃል በዘመኑ ነጋዴዎች በደረሰኝ ላይ ይጽፉት የነበረ፣ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚያረጋግጥ ቃል ነው። ሰውየው ጭብጨባውን ፈልጎ ነበር፤ አገኘው፤ ሒሳቡ ተዘጋ። ያው ወንጌል ከዚያ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሰዎች መልካሙን ሥራችሁን አይተው የሰማዩን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ስለሚል፣ አንዳንድ አንባቢ ሁለቱ ቃላት የተጋጩ ይመስለዋል። በ5ኛው ምዕራፍ ግን ከበሬታው የሚደርሰው ለአባት ነው፤ በ6ኛው ምዕራፍ የተነቀፈው ሰው ያንኑ ከበሬታ በመንገድ ላይ ለራሱ አስቀርቶታል። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ በከንቱ ውዳሴ ምክንያት አንድ እንኳ አታድርጉ ካለ በኋላ ወዲያው ትሕትናን ያስከትላል፤ ሕመሙንና መድኃኒቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጧቸዋል።

በሉቃስ 18ኛ ምዕራፍ የተነገረለትን ፈሪሳዊ ከእኛ እጅግ የራቀ ሰው አድርገን የመስማት ልማድ አለን። ይሁን እንጂ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፣ እኛም ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን፤ ዐሥራት ያወጣ ነበር፤ ጸሎቱንም የጀመረው «አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነው። ጸሎቱ የተበላሸው ዓይኑ ከመሠዊያው ተነሥቶ በሩቅ ወደ ቆመው ቀራጭ በሄደባት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ለእግዚአብሔር ይምሰል እንጂ የሚሰማው ራሱ ነበር።

የጥንት መነኮሳት ይህን ክፉ ሐሳብ ከብዙ ዓመት ትግል በኋላ ለይተው ስም ሰጥተውታል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚዋጉትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት ብሎ ሲቆጥር ከሆዳምነት ጀምሮ ውዳሴ ከንቱን ሰባተኛ፣ ትዕቢትን ስምንተኛ አድርጓቸዋል፤ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ሁለቱ ተጠቃለው ሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች የሚባለው ቁጥር የተለመደ ሆነ። እንደ እኔ አስተያየት የስምንቱ አቈጣጠር የተሻለ ነው፤ ውዳሴ ከንቱ በትዕቢት ሥር ሲጠቃለል ሰው ትዕቢተኛ አለመሆኑን ብቻ አይቶ ራሱን ነጻ ያወጣል። ቅደም ተከተሉም በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም። የቀሩት ሐሳቦች ሰውን የሚያጠቁት ሲሰንፍና ሲደክም ነው፤ ውዳሴ ከንቱ ግን የሚመጣው ካሸነፈ በኋላ ነው፣ ምግቡ ድል ነውና።

ይህን ነገር ለማስረዳት በእኛ አገር ከሐረጎ ዳገት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ታች ሜዳው ላይ ሳለ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሐረጎን ሲያጋምስ ግን ጉሙ ይወርድና ከመኪናው ፊት ያለው መንገድ እንኳ አይለይም። ጉሙ ታች የቀረውን አይነካውም፤ የሚያገኘው የወጣውን ነው። ገና መጾም ያልጀመረ ሰው በጾሙ አይኮራም፤ ጸሎት የማያውቅ ሰው ድምፁን አሳምሮ ሲጸልይ ሰው ይስማልኝ አይልም።

እዚህ ላይ ራሴን ምስክር ላድርግ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደሴ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ በተዘጋጀ የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ማይክሮፎን ይዤ የሰጪዎችን ስም የማንበብ ተራ ደርሶኝ ነበር። ስሙና የብሩ መጠን በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ይመጣል፣ እኔ አነባለሁ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ጥቂት ቆይቼ የእልልታው ርዝመት የብሩን ቁጥር እየተከተለ መሆኑን ታዘብሁ፤ ሃምሳ ሺህ ብር ሲጠራ ድንኳኑ ይነቃነቃል፣ አንዲት እናት በክርስትና ስማቸው ብቻ ያስመዘገቡት ሁለት መቶ ብር ሲነበብ ግን ጭብጨባው ሳይጀመር ያልቃል። ኋላ አንድ ሰው «ስሜ እንዳይጠራ» የሚል ማሳሰቢያ ያለበት ወረቀት ሰጠኝና ከአጠገቤ ሳይርቅ ቆመ። «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንድ ምእመን አርባ ሺህ ብር» ብዬ ሳነብ የሕዝቡን ፊት በዓይኑ ሲዳስስ አየሁት፤ በልቤም ፈረድሁበት።

ማታ ቤቴ ገብቼ እራት ሲቀርብ ባለቤቴን ድምፄ እንዴት እንደ ነበረ ጠየቅኋት። ደኅና ነበር አለችኝ። እስከ ኋላ ድረስ ይሰማ ነበር ወይ አልኋት። ይሰማ ነበር አለችኝ። ሰዎቹስ ምን አሉ ብዬ ሦስተኛ ስጠይቃት ወጡን ማውጣቷን ትታ፣ «ቀኑን ሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ስትለምን ዋልህ፤ አሁን ደግሞ ለራስህ ልትለምን ነው?» አለችኝ። ውዳሴ ከንቱን ለመተርጐም ከዚህ የቀረበ ቃል ከሊቃውንትም ቢሆን የሰማሁ አይመስለኝም፤ ልመና ነው።

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው በዓል ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጓዙ ምእመናን ብዙዎቹ በደሴ በኩል ያልፋሉ፤ በዚያ ሰሞን ከተማው ነጠላ በለበሱ እንግዶች ይሞላል። ጉዞው ድካም የበዛበት የበረከት ጉዞ ሆኖ ሳለ «አንተ ስንት ጊዜ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከተጀመረ ግን ጨዋታው ወደ ቆጠራ ይዞራል፤ ሦስት ጊዜ የወጣ ሰው ሰባት ጊዜ ከወጣው ፊት ዝም ይላል። ሌላም ብዙ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል፤ ሁሉም ግን መልኩ ተለያየ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ሕመሙን ከሌሎቹ የሚያከፋው ሸሽቶ ማምለጥ የማይቻል መሆኑ ነው። ኤቫግሪዮስ እንዳለው ሰው ውዳሴ ከንቱን ለማጥፋት የሚያደርገው ነገር ራሱ ለሌላ ውዳሴ ከንቱ ምክንያት ይሆነዋል። ዮሐንስ ዘሰዋስውም በየትኛውም በኩል ቢወረወር አንዱ ሹሉ ወደ ላይ ከሚቆም የብረት እሾህ ጋር አመሳስሎታል፦ ስጾም እመካለሁ፤ ጾሜን ለመሰወር ስበላም በብልህነቴ እመካለሁ፤ ስናገር እሸነፋለሁ፤ ዝም ስልም እሸነፋለሁ። ትሕትናም ቢሆን ልብስ ሆኖ ይለበሳል። «እኔ ደካማው፣ እኔ ኃጢአተኛው» እያለ ንግግሩን የሚጀምር ሰው በመካከላችን አይጠፋም፤ አድማጩ «እውነትህን ነው፣ ደካማ ነህ» ቢለው ግን ፊቱ ይለወጣል። ራሳችን በራሳችን ላይ የተናገርነውን ሌላ ሰው ሲደግመው መታገሣችንን ማየት ጥሩ መመርመሪያ ይመስለኛል።

ትሕትና የሚለው ስም የመጣው ታች ከሚል ትርጉም ነው፤ የግእዙ «ታሕት» በአማርኛ «ታች» ሆኗል። ትሑት ሰው ራሱን የሚሰድብ ሰው ሳይሆን የተፈጠረበትን መሬት ረግጦ የቆመ፣ ያለውንም የጎደለውንም በልኩ የሚያውቅ ሰው ነው። በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ የመጣውን ማንንም አይንቅም ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ግብር ላይ ሰው በየማዕረጉ ተራ ይቀመጥ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው ስሙ ያስገርማል። ወንጌልም በሉቃስ 14ኛ ምዕራፍ ወደ ግብዣ የተጠራ ሰው በዝቅተኛው ስፍራ ይቀመጥ ይላል፤ የጠራውም መጥቶ ወደ ላይ ውጣ ይለዋል። ክፉው ሐሳብ ግን ይህንንም ቢሆን ለመጠቀም አይቸገርም፤ ዝቅተኛውን ወንበር የሚመርጠው ባለ ቤቱ ሲጠራው ሁሉ ያየው ዘንድ የሆነ ሰው አለና። የማይጠየፍ ልብ ግን ከጎኑ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ አይቶ ማዕዱን አብሮት ይቈርሳል፤ ጥሪውን አይጠብቅም።

እንግዲህ ምን ይደረጋል ቢባል፣ አባቶች በአንድ ቃል የሚያስጠነቅቁት መልካሙን ሥራ እንዳንተው ነው። ውዳሴ ከንቱን ፈርቶ ምጽዋቱን የተወ ሰው ለጠላት ያለ ውጊያ ከተማውን አስረክቧል፤ ሐረጎ ላይ ጉም ያገኘው ሾፌርም መብራቱን አብርቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የመንገዱን ጠርዝ እያየ ይወጣል እንጂ መሪውን ወደ ኮምቦልቻ አይመልስም። ቀጥሎ ማንም የማያውቀው ሥራ እንዲኖረን ያስፈልጋል፤ ጌታ ስለ ጸሎት ሲናገር ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዝጋ ያለው ለዚህ ነው። በወሎ ቅሬ በምንለው እድር ውስጥ መቃብር የሚቈፍሩትን፣ ድንኳን የሚተክሉትን፣ ውኃ የሚቀዱትን ሳስብ እልፍኝ የግድ ቤት ውስጥ መሆን እንደማያስፈልገው እረዳለሁ፤ በልቅሶ ቤት ለቆፋሪ የሚያጨበጭብ የለም።

ሌላው መንገድ ከምስጋናው ፊት ዘወር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው መነኩሴው ሙሴ ጸሊም በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ሳለ አንድ መኰንን ዝናውን ሰምቶ ሊያየው መጣ። አባ ሙሴ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ረግረጉ ሸሸ፤ በመንገድ ላይ የመኰንኑ ሰዎች አገኙትና ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ የአባ ሙሴ በዓት የት ነው ብለው ጠየቁት። እርሱም ከእርሱ ምን ትፈልጋላችሁ፣ እርሱ እኮ ሞኝ ነው አላቸው። መኰንኑ ይህን በኋላ ሲናገር የመንገዱ ሰው ራሱ ሙሴ መሆኑን ሰዎች ነገሩት፤ ብዙ ተጠቅሞም ተመለሰ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሕመሙ ብርሃን አይወድም፤ ስለዚህ ለንስሐ አባት ይነገራል። የማይክሮፎኑን ነገር ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ከዚያ አገልግሎት እንዲያሰናብቱኝ ጠይቄያቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ድምፅ ከሰጠህ አንብብ፤ ሰው ከሄደ በኋላ ደግሞ ወንበሩን አንተ ትሰበስባለህ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። በሁለተኛው ዓመት ወንበር ተሸክሜ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ አይተውኝ፣ «ማይክሮፎን ይዞ የዋለ ሰው ወንበር ሲሸከም! እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» ብለው መረቁኝ፤ እኔም ያን ምርቃት ሳምንት ሙሉ በልቤ ይዤው ሰነበትሁ። ይህንንም ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ጥቂት ሳቁና፣

«ወንበሩስ አለቀ?» አሉኝ።