ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት፦ ስለ ዋጋው የሚባለውና እውነታው

ጎንደር ላይ አሮጌ ጭቃ ቤት ሲፈርስ ወራጁ፣ ምሰሶው፣ ጣውላውና በሩ ግቢው ውስጥ ይከመርና ክርክሩ ይጀመራል። ሻጭ «የጥንት ነው» ይላል፤ ገዢ «ማገዶ ነው» ይላል። ዋጋው ግን የሚወጣው ተቆርጦና ተልጎ ከሚተርፈው እንጨት ነው።

«አሮጌ እንጨት ያው ማገዶ ነው»

የማገዶ ዋጋ የመጨረሻው ወለል እንጂ መነሻ አይደለም። የቆየ ጥድ ደርቆ አልቋል፤ ገና እርጥብ ሆኖ እንደሚሸጥ አዲስ ሞራሌ ከተሠራ በኋላ አይጣመምም። ዓይነቱን ለመለየት ጥጉን በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ጥድ ቀላ ብሎ እንደ እርሳስ ይሸታል፤ ወይራ ጠቆር ያለ መስመር አለው፣ ክብደቱም ያስታውቃል። የደረቀ ጥድ በሜትር ኩብ ወደ 600 ኪሎ ሲመዝን ወይራ ከ900 ያልፋል።

«በቁጥር ወይም በክምር መግዛት ይቀላል»

የሚቀለው ለሻጭ ነው። አንድ የጥድ ወራጅ እንውሰድ፦ ዙሪያው 44 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው ለ12.57 ሲያካፍሉት ስፋቱ 154 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ በርዝመቱ ሲባዛ 0.0616 ሜትር ኩብ ነው። ግድግዳ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ጫፎች እርጥበት ስለሚይዙ ብዙ ጊዜ ይበሰብሳሉ። ከየጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ 3.4 ሜትር ይቀራል። ክቡ ወደ አራት ማዕዘን ተሰንጥቆ ሲላግ 9 በ9 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ ይህም 0.0275 ሜትር ኩብ ነው። ከገዙት ግማሽ እንኳ አልደረሰም!

ቀጥሎ ልኩ ከዚህ ጋር እኩል ከሆነ የደረቀ አዲስ እንጨት ዋጋ ይነሱ። ለማሳያ ያህል አዲሱ 1,000 ብር ቢሆን፣ ሚስማር መንቀያ 80፣ ማሰንጠቂያና መላጊያ 200፣ ማጓጓዣ 60 ሲቀነስ 660 ይቀራል። ውስጡ ላልታየ ብል ወይም ስንጥቅ ከዚህ ላይ አምስተኛውን ይቀንሱ፤ 528 ብር። ከዚህ በላይ የሚከፍል ሰው ልዩ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

«ሚስማሩ ችግር የለውም፣ ይነቀላል»

ጭንቅላቱ የሚታየው ይነቀላል። ጭንቅላቱ ተሰብሮ ውስጥ የቀረው ግን የመሰንጠቂያ ማሽኑን ምላጭ ጥርስ ያረግፋል፤ ባለማሽኑም ምላጩን ያስከፍላል። ስለዚህ በአራቱም ጎን ማግኔት ያሳልፉ፤ ዝገቱ ያጠቆረውን ቀዳዳ ሁሉ በወስፌ ይፈትሹ።

«ጥቀርሻ የለበሰ ተበላሽቷል»

ከማድ ቤት ጣሪያ የወጣ ጥቁር እንጨት ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ጭሱ ነቀዙን አርቆለታል። ጥቀርሻው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲላግ ይለቃል። የሚያስፈራው መሬት ውስጥ ተተክሎ የነበረው የምሰሶ እግር ነው። መዶሻ ሲያርፍበት ድምፁ ጎድጓዳ ከሆነ ምስጥ ገብቶበታል።

«ከፋሲል ዘመን ነው ከተባለ ዋጋው ይጨምራል»

ይህ የደላላ ወሬ ነው፤ ማስረጃ ካልመጣ ሳንቲም አይጨመርበትም። እንጨቱ ባህር ዛፍ ከሆነ ነገሩ አለቀ፦ ባህር ዛፍ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ነው። ክብ የሽቦ ሚስማርም በፋሲል ዘመን አልነበረም፤ ሚስማር ግን ኋላ ሊመታ ስለሚችል ብቻውን አያስፈርድም። «የጥንት» እየተባለ የሚሸጠው ጣውላ ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተሠራ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ጤናማ ከሆነ መልካም እንጨት ነው። በእርግጥ የፋሲል ዘመን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይግዙት። ቅርስ ከሆነ ሕንፃ ላይ ያለ ፈቃድ እንጨት ማንሳት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስጠይቃል።

«ቀለም ያለው ጣውላ ዝግጁ ነው»

የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ ቁራጩንም ምድጃ ውስጥ አይጨምሩት። ቀለሙን አርጥቦ መፋቁ የግማሽ ቀን ሥራ ከሆነ የዚያ ሰው ቀን ክፍያ ከዋጋው ይቀነሳል።

«ማፍረሱ የሻጩ ጉዳይ ነው»

ካልተነጋገሩ የማንም አይደለም። ቀድሞ ይወሰን፤ ገዢ የሚያፈርስ ከሆነ የሠራተኛው ሒሳብ ከክፍያው ይቀነሳል። በድጅኖ ተፈንቅሎ የወጣ ወራጅ ይሰነጠቃል፤ ተፈትቶ የወጣው ደኅና ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚከፈለው እንጨቱ መሬት ከወረደና ከተለካ በኋላ ይሁን።