ወንዶቹ ንቀው ያለፉት ማጀት፦ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የሴቶች መብት ተውኔቶች

የሴቶችን መብት በግልጽ ያነሱት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ተውኔቶች በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ በአብዛኞቹ አገሮች ሴት አትመርጥም። ብትከሰስም የሚፈርዱባት ወንዶች ናቸው።

ተውኔቶቹ በአገርም በአቀራረብም ይለያያሉ። ሴትን መናቅ ማለት መስደብና መምታት ብቻ እንዳልሆነ በማሳየት ግን ይገናኛሉ። በቁልምጫ መናቅ አለ። በቀልድ መናቅ አለ። አጠገቧ ቆሞ አለማየትም አለ። እኔ ከሁሉም ከባዱ ይኼኛው ይመስለኛል። እሱን ደግሞ እንደ አሜሪካዊቷ ሱዛን ግላስፔል አጥርቶ መድረክ ላይ ያወጣ ጸሐፊ አላውቅም።

ግላስፔል በ1876 በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ውስጥ ተወለደች። በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ዴሞይን ከተማ ለሚታተም ዕለታዊ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበረች። በ1900 ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ኢንዲያኖላ አካባቢ ጆን ሆሳክ የሚባል ገበሬ አልጋው ላይ እንደተኛ በመጥረቢያ ተመቶ ሞተ። ሚስቱ ማርጋሬት አጠገቡ ተኝታ ነበር። ገዳዩን አላየሁም አለች። ብዙም ሳይቆይ ታሰረች። ጉዳዩን ለጋዜጣው የተከታተለችው ወጣቷ ግላስፔል ናት።

ሰውየው ክፉ ባል እንደነበር ጎረቤት ያውቃል። ይህ ግን ማርጋሬትን አላዳናትም። እንዲያውም ጉዳት አመጣባት። ዐቃቤ ሕጉ በቤቱ የነበረውን ጠብ ለግድያው ምክንያት አድርጎ አቀረበው። ተበዳይነቷ ማስረጃ ሆነባት ማለት ነው። ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ሰዎች) በ1901 ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በ1902 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በ1903 በተደረገው ሁለተኛ ችሎት ጁሪው መስማማት ስላልቻለ ተለቀቀች።

ግላስፔል ጋዜጠኝነቱን ተወችው። ያንን ቤት ግን አልረሳችውም። ከባሏ ከጆርጅ ክራም ኩክ ጋር በ1915 ማሳቹሴትስ ውስጥ የፕሮቪንስታውን የተውኔት ቡድንን መሠረቱ። ቲያትር ቤታቸው ባሕር ዳር ያለ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ነበር። ኩክ ለቡድኑ አንድ ተውኔት ጻፊ አላት። ባዶው መድረክ ፊት ተቀምጣ ስታየው መድረኩ ወጥ ቤት ሆኖ ታያት። እሷው ናት ይህን የተናገረችው። በዚህ የተወለደው ባለ አንድ ገቢር ተውኔት «ትራይፍልስ» ይባላል፤ ጥቃቅን ነገሮች እንደማለት ነው። ኦገስት 8 ቀን 1916 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ራሷ ግላስፔል ወይዘሮ ሄልን ሆና ተጫውታለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆን ራይት የሚባል ገበሬ ተኝቶ ሳለ በገመድ ታንቆ ተገኝቷል። ሚስቱ ሚኒ እስር ቤት ናት። ዐቃቤ ሕጉ፣ ሸሪፉ (የአካባቢው ሕግ አስከባሪ ሹም) እና ጎረቤቱ ሄል ማስረጃ ፍለጋ ወደ ቤቱ ይመጣሉ። የሸሪፉና የሄል ሚስቶችም ለእስረኛዋ አንዳንድ ዕቃ ሊወስዱላት ተከትለው ገብተዋል። ሸሪፉ ዞር ዞር ብሎ ያይና እዚህ የወጥ ቤት ዕቃ እንጂ ሌላ የለም ይላል። ከዚያ ወንዶቹ ወደ ፎቅ ይወጣሉ፣ ወደ ጎተራ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ማጀት ይቀራሉ። ማስረጃው ያለው እዚያው ማጀት ነው።

ከመውጣታቸው በፊት ያለችውን አንዲት ቅጽበት ልብ በሉ። ዐቃቤ ሕጉ እጁን ታጥቦ ፎጣ ይፈልጋል። ፎጣው ቆሽሿል። ባለቤቲቱ ሙያ የላትም ለማለት ሴቶቹን ያያቸዋል፤ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያሉትን ድስቶችም በእግሩ ይገፋል። ወይዘሮ ሄል ግን የእርሻ ቤት ሥራ ብዙ ነው ትለዋለች። በኋላ ደግሞ ፎጣውን ሳያቆሽሸው አልቀረም የምትለው ጠዋት እሳት ሊያነድ የመጣውን የሸሪፉን ረዳት ነው። ወንድ ያቆሸሸው ፎጣ የሴቲቱ ስንፍና ሆኖ ተቆጠረ። ይህቺ ትንሽ ነገር ብቻዋን ስንት ትናገራለች!

ሚኒ እስር ቤት ሆና ብርዱ የማርማላታ ጠርሙሶቿን እንዳይሰብርባት ትጨነቃለች። በነፍስ ግድያ ተይዛ ስለ ማርማላታ! ብለው ወንዶቹ ይስቃሉ። ሴቶች በጥቃቅን ነገር መጨነቅ ለምደዋል ይላል ሄል። ወይዘሮ ሄል ግን በዚያ የበጋ ሙቀት ምድጃ ላይ ቆሞ ፍሬ መቀቀል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ዕቃ ሲያነሱ፣ ሲያስተካክሉ ነገሩ ይገለጥላቸዋል። ግማሹ ብቻ የተወለወለ ጠረጴዛ አለ። ሚኒ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስትሰፋው የነበረ የአልጋ ልብስም አለ። ስፌቱ እኩል ነበር፤ አንዱ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ግን ተዘበራርቋል። የሰፋችው እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር መርፌ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ቀጥሎ በሯ የተሰበረ የወፍ ቤት ያገኛሉ። በመጨረሻ ከስፌት ዕቃው ቅርጫት ውስጥ፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ካናሪ ወፍ ያገኛሉ። ሚኒ ልጃገረድ ሳለች የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበረች። ካገባች በኋላ የዘፈነላት ያቺ ወፍ ብቻ ነበረች።

ወይዘሮ ሄል የተዘበራረቀውን ስፌት ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። ዐቃቤ ሕጉ መጥቶ ቢያየው እንኳ የሚያነበው ነገር አይኖርም። ወይዘሮ ፒተርስ የሸሪፉ ሚስት ናትና ሕግ ሕግ ነው እያለች ትከላከላለች። ነገር ግን ልጅ ሳለች ድመቷን ፊቷ በጥልቆ የገደለባትን ልጅ፣ በኋላም በዳኮታ ምድረ በዳ የሞተባትን የመጀመሪያ ልጇንና የዚያን ቤት ጭርታ ታስታውሳለች። ወንዶቹ ሲመለሱ እሷም ወፏን ልትደብቅ ትሞክራለች፤ ሳጥኑ ቦርሳዋ ውስጥ አልገባ ይላል። ወይዘሮ ሄል ቀምታ ኮቷ ኪስ ትከተዋለች።

የባልየው ጭካኔ፣ ወፏን አንቆ መግደሉ፣ የሚታወቀው የግድያው ምክንያት ሲገኝ ነው፤ ምክንያቱ ከተገኘ ደግሞ ሚኒ ተፈረደባት። በሆሳክ ችሎት የሆነውም ይኸው ነበር። ሴቶቹ ለምን እንደደበቁት የሚገባን ያኔ ነው። የተናቀው ዕውቀታቸው መደበቂያም ሆናቸው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሴቶቹ ይዘው የሚወጡትን ሳይፈትሽ ያሳልፋቸዋል። ሚኒ ራሷ አንዴም መድረክ ላይ አትወጣም። ግላስፔል በኋላ በጻፈቻቸው «በርኒስ» (1919) እና በ1931 የፑሊትዘርን ሽልማት ባስገኘላት «የአሊሰን ቤት» ውስጥም ሁሉም የሚያወራላት ሴት መድረክ ላይ የለችም።

ከግላስፔል በፊት መንገዱን የጠረገው ኖርዌጂያዊው ሄንሪክ ኢብሰን ነው። «የአሻንጉሊት ቤት» በ1879 ኮፐንሃገን ላይ ታየ። ባልየው ቶርቫልድ ኖራን አይመታትም። እንደ ወፍ፣ እንደ ሽኮኮ ያቆላምጣታል። እሷ ግን የእሱን ሕይወት ለማትረፍ በአባቷ ስም ፈርማ ተበድራ፣ ዕዳውን ተደብቃ እየሠራች ስትከፍል ኖራለች። ነገሩ ሲወጣ እሱ ያሰበው ለክብሩ ነው። እሷም ልጆቿን ጭምር ትታ ወጣች። ይህ መጨረሻ ብዙ ሰው አስቆጣ። ጀርመን ውስጥ አንዲት ዝነኛ ተዋናይት እንዲህ አልጫወትም ስላለች ኢብሰን ሳይወድ በግድ ኖራ የማትሄድበትን መጨረሻ ጽፏል።

እንግሊዞቹ ሴት ጸሐፊዎች ደግሞ የገንዘብን ጉዳይ አነሱ። ሲስሊ ሃሚልተን በ1908 የሱቅ ሠራተኛ ልጃገረዶችን አዳሪ ክፍልና የደመወዝ ቅጣት አሳየች። በ1909 ከክሪስቶፈር ሴንት ጆን ጋር በጻፈችው ሌላ ተውኔት ደግሞ መንግሥት ሴቶችን የሚያስተዳድራቸው ወንድ ስለሆነ ድምፅ አያስፈልጋቸውም ይላል። ሴቶቹም እሺ ብለው ሥራ አቁመው የቅርብ ወንድ ዘመዳቸው ቤት ይሰፍራሉ፤ በል አስተዳድረን! ወንዶቹ ራሳቸው ለሴቶች ድምፅ ለመጠየቅ ይሮጣሉ። በ1912 ጊታ ሶወርቢ «ራዘርፎርድና ልጁ»ን ስታወጣ ስሟ በአጭሩ ኬ. ጂ. ሶወርቢ ተብሎ ስለተጻፈ ብዙዎቹ ጸሐፊው ወንድ መሰላቸው። እዚያ ተውኔት ውስጥ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ልጅ የአባቷን ጫማ ተንበርክካ ታወልቃለች።

እነዚህ ተውኔቶች በብዛት ስለ ነጭ ሴቶች ናቸው። «ትራይፍልስ» በታየበት በዚያው 1916 ጥቁር አሜሪካዊቷ አንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ «ሬቸል»ን ዋሽንግተን ላይ አሳየች። የእሷ ባለታሪክ ልጆች በጣም ትወዳለች። ነገር ግን ጥቁሮች በነጭ መንጋ ያለ ፍርድ በሚገደሉበት አገር አልወልድም ብላ ትዳርን እምቢ ትላለች። ይህን ከኖራ ጎን ማንበብ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ የሬቸልን እናትነት የነጠቃት ባል አይደለም።

ግላስፔል በ1948 ከሞተች በኋላ ለዓመታት ተረስታ ነበር። በ1970ዎቹ የሴቶችን ጽሑፍ የሚያጠኑ ምሁራን መልሰው አወጧት። በ1917 ይህንኑ ታሪክ ወደ አጭር ልብ ወለድ ለውጣው ነበር፤ ርእሱም የእኩዮቿ ጁሪ እንደማለት ነው። ያኔ አይዋ ውስጥ ሴት ጁሪ ሆና መቀመጥ አትችልም። ዛሬ ታሪኩ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ይነበባል። ተማሪዎቹ የሚከራከሩት ሁለቱ ሴቶች ማስረጃ በመደበቃቸው ላይ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ሆኖም ወይዘሮ ሄል ራሷ ትክክለኛው ወንጀል ሌላ ነው ትላለች፤ ጎረቤት ሆና ስንት ዓመት ሚኒን ሳትጠይቃት መቅረቷ።